ዕጢ ደሙን ከወዴት ይቀዳል?

በአልትራሳውንድ ስለሚደረግ የዕጢ ደም ሥር ምርመራ የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



አልትራሳውንድ የሚባለውን የሕክምና መሣሪያ ከመካከላችሁ ጨርሶ የማያውቅ ሰው ይኖራል ብዬ አልገምትም፤ ይልቁንም እናቶች፣ ፅንሱ በማኅፀን ውስጥ በደኅና መቀመጡን ለማወቅ በሆዳቸው ላይ ቀዝቃዛውን ቅባት ተቀብተው የተኙበትን ሰዓት አይዘነጉትም። ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ የምናገርለት ጉዳይ ግን ከዚያ የደስታ ምርመራ የራቀ ነው፤ ይኸውም በሰው አካል ውስጥ ያለ ሥርዓት የበቀለ ዕጢ የሚኖርበትን ደም ከወዴት እንደሚቀዳ፣ በምን ዓይነት ሥሮች እንደሚያዘዋውረው፣ ሐኪሙም በድምፅ ኀይል ያንን ደም ተከትሎ ስለ ዕጢው ጠባይ ምን ሊረዳ እንደሚችልና ምን ሊረዳ እንደማይችል ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ስለ ዕጢ ነገር ሲነሣ የሕመምተኛውም የቤተ ሰቡም የመጀመሪያ ጥያቄ «ምን ያህል ሆነ? አደገ ወይስ ቀነሰ?» የሚል ነው። ሐኪሞችም ቢሆኑ የመድኀኒትን ፍሬ ሲመዝኑ ለብዙ ዘመን የተደገፉት በሚሊ ሜትር በሚለካው ስፋት ላይ ነው፤ ዛሬም አልተዉትም፣ ሊተዉትም አይገባም። ነገር ግን ስፋት ዘግይቶ የሚናገር ምስክር ነው፤ ዕጢ እጅግ ከማደጉ አስቀድሞ ደም ይስባል፣ መድኀኒት ሲያገኘውም ብዙ ጊዜ ከመቀነሱ አስቀድሞ ደም ያጣል፤ ስለዚህ የደሙን ሁኔታ የሚያነብ ሰው የነገሩን መነሻ ሲያነብ፣ ስፋቱን ብቻ የሚለካ ሰው ፍጻሜውን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ንግግሬ በሙሉ የሚቆመው በዚህ አሳብ ላይ ነው።

አሳቡ በጠራ አኳኋን ከተነገረ ገና ብዙ ዘመን አልሆነውም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት፣ ለውትድርና አገልግሎት ተጠርቶ በቤቴዝዳ በአሜሪካ ባሕር ኀይል የሕክምና ማዕከል ይሠራ የነበረ ጁዳ ፎክማን የተባለ ወጣት ቀዶ ጥገና ሐኪም፣ ከባልደረባው ከፍሬድሪክ ቤከር ጋር ሆኖ፣ ረጅም ጉዞ ለሚጓዙ መርከቦች የደም ምትክ የሚሆን ፈሳሽ ለማግኘት ይደክም ነበር፤ ፈሳሹም ሕያው ሥጋን ለማቈየት መብቃቱን ለመፈተን፣ ከእንስሳ ያወጣውን ታይሮይድ የሚባለውን የአንገት አካል በመስታወት ዕቃ ውስጥ አኑሮ፣ በደም ሥሩ ፈሳሹን እያሳለፈ፣ የካንሰር ሕዋሳትን ተከለበት። ሕዋሳቱም በቀሉ፤ ነገር ግን ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ከሆኑ በኋላ ማደጋቸውን አቆሙ። ሞተው እንዳይባል፣ ከዚያ አንሥቶ ወደ ሕያው አይጥ ባዛወራቸው ጊዜ በፍጥነት አድገው ትልቅ ዕጢ ሆኑ። ልዩነቱ ምን እንደሆነ ሲመረምር፣ በመስታወቱ ውስጥ አዲስ የደም ሥር እንዳልበቀለ፣ በሕያው እንስሳ ግን ዕጢው በዙሪያው ካለው ሥጋ የደም ሥሮችን ወደ ራሱ እየጠራ እንዳበቀለ ተረዳ። የአይሁድ መምህር ልጅ የነበረው ይህ ሐኪም በ1971 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ላይ አሳቡን ሲያወጣ፣ ዕጢ አዲስ የደም ሥር ካላገኘ ከጥቂት ሚሊ ሜትር አያልፍም፣ የደም ሥር እንዳይበቅል የሚከለክል መድኀኒት ቢገኝም ካንሰርን በረኀብ መያዝ ይቻላል ብሎ ነበር። ብዙዎች ሊቃውንት ግን በዕጢ ዙሪያ የሚታየው ደም መቅላትና መቍሰል ያመጣው እንጂ ሌላ ምሥጢር የለውም እያሉ ለዓመታት ሳይቀበሉት ቈዩ።

የምሥጢሩ ቍልፍ የተገኘው ቀስ በቀስ ነው። በ1983 ሃሮልድ ድቮራክና ባልደረቦቹ በቦስተን፣ ዕጢዎች የደም ሥርን የሚያሳሳና የሚያንጠባጥብ አንድ ፕሮቲን እንደሚያመነጩ ገለጡ፤ በ1989 ደግሞ ናፖሊዮኔ ፌራራ በካሊፎርኒያ የደም ሥርን የሚያበቅል ፕሮቲን ለይቶ አወጣ፤ ኋላም ሁለቱ አንድ መሆናቸው ታወቀ፤ ዛሬ በምሕጻረ ቃል ቪኢጂኤፍ ይሉታል። ልብ በሉ፤ ያው አንድ ነገር ሥርን ያበቅላል፣ ሥርንም ያንጠባጥባል። በዚህ ምክንያት በዕጢ ውስጥ የሚበቅሉት ሥሮች በጤነኛ አካል ካሉት ጋር አይመሳሰሉም። በጤነኛ አካል ደም ወሳጁ ሥር በሥርዓት እየተከፈለ፣ እየቀጠነ፣ ዓይን ወደማያያቸው ቀጫጭን ሥሮች ይደርስና ከዚያ ወደ ደም መላሹ ይሰበሰባል፤ ግድግዳውም በጡንቻ የተደገፈ ስለሆነ እንደ አስፈላጊነቱ ይጠብባል፣ ይሰፋል። በዕጢ ውስጥ ግን ሥሩ ይጠማዘዛል፣ አንዱ ቦታ ያብጣል፣ ሌላው ቦታ መውጫ ሳያገኝ ይቀራል፣ ደም ወሳጁም ቀጫጭኖቹን ሥሮች ዘልሎ በቀጥታ ከደም መላሹ ጋር ይገናኛል፤ የግድግዳው ጡንቻም ወይ ሳስቷል ወይ ጨርሶ የለም። ከዚህም የተነሣ አንዱ ወገን በደም ሲጥለቀለቅ ሌላው ወገን ይራባል፣ የዕጢውም መካከል ብዙ ጊዜ ሞቶ ይገኛል። እንግዲህ ይህ ያለ ሥርዓት መሆን ለዕጢው ጉድለት ሲሆን ለመርማሪው ግን ምልክት ነው፤ አልትራሳውንድ የሚሻውም እርሱን ነው።

ወደ መሣሪያው ልግባ። የሰው ጆሮ በሰከንድ እስከ 20,000 ጊዜ ያህል የሚርገበገበውን ድምፅ ይሰማል፤ በሕክምና የምንሠራበት ድምፅ ግን አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ ከ2 እስከ 15 ሚሊዮን ጊዜ የሚርገበገብ ነው። ይህን ድምፅ ማውጣትና መቀበል የተቻለው ፒየርና ዣክ ኩሪ የተባሉት ወንድማማቾች በ1880 አንዳንድ ክሪስታሎች ሲጫኑ ኤሌክትሪክ እንደሚያወጡ ከደረሱበት በኋላ ነው፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመንም ፖል ላንዥቬን በዚሁ ጥበብ በባሕር ውስጥ የሚሰወሩትን ሰርጓጅ መርከቦች ለመፈለግ ሞከረ። ድምፁ ለስላሳ በሆነ የሰውነት ክፍል ውስጥ በሰከንድ 1,540 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በመንገዱ ላይ ልዩ ልዩ ነገር ባጋጠመው ቍጥር ጥቂቱ እንደ ገደል ማሚቶ ይመለሳል፤ መሣሪያውም የተመለሰበትን ጊዜ ቈጥሮ ርቀቱን ያሰላል።

ይህ ጥበብ ወደ ዕጢ ምርመራ የገባበት ታሪክ ሲነገር ደስ ይለኛልና ጥቂት ልቈይበት። በግላስጎ ከተማ የማኅፀንና የወሊድ ሐኪም የነበረው ኢያን ዶናልድ፣ የፋብሪካ መሐንዲሶች በብረት ውስጥ የተሰወረ ስንጥቅ መኖሩን በድምፅ እንደሚፈትኑ ሰምቶ፣ በ1955 ከሴቶች ማኅፀን የወጡ ማዮማ የተባሉ ጠጣር ዕጢዎችንና ኦቫሪ ከተባለው እንቁላል አመንጪ አካል የወጡ ውኃ የቋጠሩ እብጠቶችን በሁለት መኪናዎች ሻንጣ አስጭኖ በሬንፍሩ ወደሚገኘው ባብኮክና ዊልኮክስ ወደተባለው የቦይለር ፋብሪካ ሄደ። ፋብሪካው ለማነጻጸሪያ አንድ ትልቅ ቍራጭ የበሬ ሥጋ አቅርቦለት ነበር፤ በዚያ ቀን ከቀረቡት ሁሉ ሊበላ የሚችል እርሱ ብቻ ነበረ። ዶናልድም ጠጣሩ ዕጢና ውኃ የቋጠረው እብጠት የሚመልሱት ማሚቶ እጅግ የተለያየ መሆኑን አየ። ከዚያም በኋላ፣ የሆድ ካንሰር ይዟታል፣ ለቀዶ ጥገናም አትበቃም ተብሎ ተስፋ የተቈረጠባት አንዲት ሴት በመሣሪያው ስትመረመር ሆዷን የነፋው ከኦቫሪ የተነሣ ውኃ የቋጠረ እብጠት ሆኖ ተገኘ፤ ወጣላትና ዳነች። ይህም ከባልደረቦቹ ከጆን ማክቪካርና ከቶም ብራውን ጋር በ1958 በላንሴት መጽሔት ባወጣው ጽሑፍ ውስጥ ተመዝግቧል።

ሆኖም የዶናልድ መሣሪያ ቅርጽን እንጂ እንቅስቃሴን አያሳይም ነበር። እንቅስቃሴን ለማወቅ የሚያስፈልገው ሕግ ደግሞ ከእርሱ አንድ መቶ ዓመት ያህል ቀድሞ ተነግሮ ነበር። በሳልዝበርግ የተወለደው ክርስቲያን ዶፕለር በ1842 በፕራግ ስለ መንታ ከዋክብት ቀለም ባቀረበው ሐተታ፣ ብርሃንም ሆነ ድምፅ የሚያወጣው ነገር ወደ ተመልካቹ ሲቀርብ ንዝረቱ የበዛ፣ ሲርቅ ደግሞ ያነሰ መስሎ ይደርሳል ብሎ ነበር። በ1845 ሆላንዳዊው ቦይስ ባሎት ይህን ለመፈተን በዩትሬክት አጠገብ መለከት ነፊዎችን በባቡር ላይ አሳፍሮ፣ በሐዲዱ ዳር ደግሞ ጆሮአቸው በዜማ የሠለጠነ ሙዚቀኞችን አቁሞ፣ ባቡሩ ሲመጣ ዜማው ከፍ፣ ሲያልፍ ዝቅ ማለቱን አስመሰከረ። በሰውነት ውስጥ መለከቱን የሚተኩት ቀይ የደም ሕዋሳት ናቸው፤ ድምፁ ነክቷቸው ሲመለስ፣ ወደ መመርመሪያው የሚመጡት ንዝረቱን ያበዙታል፣ የሚሸሹት ያሳንሱታል። አስደናቂ ሆኖ የማየው፣ 5 ሚሊዮን ንዝረት ያለው ድምፅ በሰከንድ 10 ሴንቲ ሜትር ከሚሄድ ደም ሲመለስ የሚያመጣው ልዩነት 650 ሄርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 650 ንዝረት ያህል መሆኑ ነው፤ ይህም የሰው ጆሮ አጥርቶ የሚሰማው ዜማ ነው፤ የማይሰማ ድምፅ ልከን የሚሰማ እንቀበላለን። በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል የነበሩ እነ ፒተር ዌልስ በ1977 በካንሰር ዕጢዎች ላይ ይህን ድምፅ አድምጠው ከጤነኛው ሥጋ የተለየ ምልክት እንዳገኙ ጻፉ።

በ1985 ቺሂሮ ካሳይና ባልደረቦቹ በጃፓን፣ የእያንዳንዱን ነጥብ ፍጥነት በቅጽበት አስልቶ በቀይና በሰማያዊ ቀለም በሥዕሉ ላይ የሚቀባ ዘዴ ባወጡ ጊዜ፣ ሐኪሙ ከጆሮው ይልቅ በዓይኑ መደገፍ ጀመረ። ይህ ቀለም ብዙ ሰው ያስታል፤ ቀዩ ደም ወሳጅ፣ ሰማያዊው ደም መላሽ የሚመስለው አለ፤ ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም፤ በተለመደው አሠራር ቀዩ ወደ መመርመሪያው የሚመጣ፣ ሰማያዊው የሚርቅ ደም ነው። ደሙ ከድምፁ ጨረር ጋር ቀጥ ባለ ማዕዘን ከተሻገረ ደግሞ መሣሪያው ምንም ልዩነት አያገኝም፤ ስለዚህ ደም ሞልቶ የሚፈስስ ሥር ባዶ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይህን ጕድለት በከፊል የሚያቃናው፣ አቅጣጫንና ፍጥነትን ትቶ የምልክቱን ብርታት ብቻ የሚቀባው ፓወር ዶፕለር በ1994 በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በነበሩት በጆናታን ሩቢንና በባልደረቦቹ ተገለጠ።

ቀለሙ በመጣ ጊዜ ተስፋው ከልክ አለፈ። የዕጢ ሥር ጡንቻ ስለሌለው ልብ በምታርፍበት ቅጽበት እንኳ ደሙ ሳይገታ ይፈስሳል፤ ይህንንም የፍጥነቱን ከፍታና ዝቅታ አነጻጽሮ በአንድ ቍጥር መግለጥ ይቻላል። በዚያ ዘመን ስለ ኦቫሪ ዕጢ የጻፉ አንዳንዶች ቍጥሩ ከ0.4 በታች ከሆነ ካንሰር፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ደኅና ነው ወደ ማለት ደረሱ። ነገሩ ግን በሌሎች እጅ ሲፈተን አልጸናም፤ ምክንያቱም በእያንዳንዱ ወር እንቁላል ከወጣ በኋላ በኦቫሪ ላይ የሚቀረው ጤነኛ አካል ራሱ ብዙና ሳይገታ የሚፈስስ ደም አለው፤ በአንዲት ጤነኛ ወጣት ሴት ላይ የካንሰር ቍጥር ይነበባል ማለት ነው። በእኔ ግምት ከዚህ ታሪክ የሚበልጠው ትምህርት ከዚያ በኋላ የተሠራው ሥራ ነው። በ1999 የተመሠረተው አይኦታ የተባለው የኦቫሪ ዕጢ መርማሪዎች ማኅበር፣ አንዱን ቍጥር እንደ ፍርድ ከመያዝ ይልቅ የደሙን ብዛት በዓይን ገምቶ ከ1 እስከ 4 ባሉ ደረጃዎች መመደብን መረጠ፤ በ2008 ባወጣው ቀላል ደንብም ደም ጨርሶ አለመታየቱን ከአምስት የደኅንነት ምልክቶች አንዱ፣ እጅግ የበዛ ደም መታየቱን ከአምስት የክፋት ምልክቶች አንዱ አደረገው። ደሙ በሸንጎው መካከል አንድ ድምፅ ተሰጠው እንጂ ብቻውን ዳኛ አልሆነም።

እስካሁን የተናገርሁት ሁሉ ስለ ትልልቆቹ ሥሮች ነው። የዕጢው እውነተኛ ኑሮ የሚካሄደው ግን ከ5 እስከ 10 ማይክሮን ብቻ በሚሰፉት ቀጫጭን ሥሮች ውስጥ ነው፤ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ መሆኑን አስቡ። በእነዚህ ውስጥ ደም በሰከንድ አንድ ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ ባነሰ ፍጥነት ይሄዳል፤ ቀደም ብዬ ባሰላሁት ስሌት የሚያመጣው ልዩነት ከ6 ወይም ከ7 ሄርዝ አይበልጥም። ሕመምተኛው ሲተነፍስ ጉበቱ ከዚያ ብዙ እጥፍ በፈጠነ እንቅስቃሴ ይወርዳል፣ ይወጣል፤ መሣሪያውም የትንፋሹን እንቅስቃሴ ለማጥፋት ሲያጣራ የቀጫጭኑን ሥር ደም አብሮ ያጠፋዋል። ተራው ዶፕለር በዚህ ወሰን ላይ ቆሟል፤ ከዚያ የሚያሻግረው አረፋ ነው።

በ1968 ሬይመንድ ግራሚያክና ፕራቪን ሻህ በሮቸስተር፣ አንድ የቀለም ፈሳሽ በልብ አጠገብ በሚወጉ ጊዜ አልትራሳውንዱ ድንገት በማሚቶ መሞላቱን ጻፉ፤ ምክንያቱም ከመርፌው ጋር የሚገቡት ጥቃቅን የአየር አረፋዎች ናቸው። ተራ አየር ግን በደም ውስጥ ወዲያው ይቀልጣል። ስለዚህ የኋለኞቹ ጠቢባን በደም የማይሟሟ ከባድ ጋዝ፣ ለምሳሌ ሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ፣ በቀጭን የስብ ልባስ ሸፍነው 2 ወይም 3 ማይክሮን ያህል የሆኑ አረፋዎችን አዘጋጁ። ቀይ የደም ሕዋስ 7 ወይም 8 ማይክሮን ስለሆነ፣ እርሱ በሚያልፍበት ሁሉ አረፋው ያለ ችግር ያልፋል፤ በሳንባም ተሻግሮ ወደ መላው አካል ይደርሳል። በክንድ ደም ሥር የሚሰጠው መጠን ጥቂት ነው፣ ብዙውን ጊዜ ከ2.4 ሚሊ ሊትር አይበልጥም፤ ጋዙም በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ በትንፋሽ ይወጣል እንጂ ኩላሊትን አያስቸግርም። አረፋው ድምፁ ሲነካው ይጨመቃል፣ ይነፋልም፤ መጨመቁና መነፋቱ እኩል ስላልሆነ ከተላከበት ድምፅ የተለየ ዜማ ይመልሳል፤ መሣሪያውም ያንን ዜማ ብቻ መርጦ የሥጋውን ማሚቶ ይደመስሳል። ድምፁ ከበረታ ግን አረፋው ይፈነዳልና ምርመራው የሚደረገው በለሰለሰ ድምፅ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ጠባዩ ግን ከደም ሥር አለመውጣቱ ነው። በሲቲ ስካንና በኤምአርአይ የሚሰጡት ፈሳሾች በሚያንጠባጥበው የዕጢ ሥር በኩል ወደ ሥጋው ሾልከው ይወጣሉ፤ አረፋው ግን ባለበት ሁሉ ደም አለ፣ በሌለበት ደግሞ ደም የለም ብሎ መናገር ይቻላል።

የአረፋው ጥቅም ከሁሉ አብልጦ የተገለጠው በጉበት ላይ ነው፤ ጉዳዩም እኛን በቅርብ ይመለከተናል፣ ምክንያቱም ሕዝባችን የወፍ በሽታ ከሚላቸው ሕመሞች መካከል በቫይረስ የሚመጣው፣ በተለይ ሄፓታይተስ ቢና ሲ የሚባለው፣ ጉበትን ለዓመታት እያቈሰለና እያጠጠረ ወደ ካንሰር የሚያደርስበት ጊዜ አለ። ጤነኛ ጉበት ደሙን ከሁለት ወገን ያገኛል፤ ሦስት አራተኛው ያህል ከአንጀት በሚመጣው ሥር፣ አንድ አራተኛው ብቻ ከልብ በሚመጣው ደም ወሳጅ በኩል ነው። ከጉበቱ ከራሱ ሕዋሳት የተነሣ ካንሰር ግን በይበልጥ የሚኖረው በደም ወሳጁ ነው። አረፋው በክንድ ከተሰጠ በኋላ ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ባለው ጊዜ በደም ወሳጁ ይደርሳል፤ በዚህን ጊዜ ጉበቱ ገና ጨለማ ሳለ ዕጢው ቦግ ብሎ ይበራል። በአንጀቱ ሥር የሚመጣው አረፋ በ30ኛውና በ45ኛው ሰከንድ መካከል መግባት ሲጀምር ጉበቱ በሙሉ ይበራል፤ ዕጢውም ከአንድ ደቂቃ በኋላ ቀስ ብሎ፣ በጥቂቱ እየደበዘዘ ከዙሪያው ያንሳል። ከሌላ አካል ተዛምቶ ወደ ጉበት የመጣ ካንሰር ደግሞ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ፈጥኖ ይጨልማል። ከደም ሥር የተሠራው ሄማንጂዮማ የተባለው ጕዳት የሌለው እብጠት ከዳር ዳር በጓል በጓል እየበራ ወደ መካከል ይሞላል፣ ብርሃኑንም አይለቅም። ሦስቱ በተራው አልትራሳውንድ አንድ ዓይነት ክብ ሆነው ሊታዩ ይችሉ ነበር፤ የለያቸው ጊዜ ነው። የአሜሪካ የመድኀኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት ይህን አረፋ ለአዋቂዎችም ለሕፃናትም የጉበት ምርመራ የፈቀደው በ2016 ነው። ሲቲ ስካን አስቀድሞ በተወሰኑ ሰከንዶች ላይ ብቻ ሥዕል ሲያነሣ፣ አልትራሳውንዱ ያለ ጨረር፣ ሳያቋርጥ፣ ከመጀመሪያው አረፋ እስከ መጨረሻው ይመለከታል፤ ይሁን እንጂ አንድ ጊዜ የሚመለከተው አንድ ቦታ ስለሆነ፣ በጉበቱ ውስጥ ብዙ ዕጢዎች የተበተኑበትን ሕመምተኛ በዚህ ብቻ መመርመር ከንቱ ድካም ነው።

ወደ ፎክማን ተስፋ እንመለስ። ቪኢጂኤፍን የሚያግደው ቤቫሲዙማብ የተባለው መድኀኒት በ2004 በአሜሪካ ለተዛመተ የትልቁ አንጀት ካንሰር በተፈቀደ ጊዜ፣ ሐኪሞቹ አዲስ ችግር ገጠማቸው። ይህን የመሰሉ መድኀኒቶች የዕጢውን ሥር ያደርቃሉ እንጂ ዕጢውን ወዲያው አያሳንሱትም፤ በስፋት ብቻ የሚለካ ሐኪም የሚሠራውን መድኀኒት አልሠራም ብሎ ሊያቋርጥ፣ የማይሠራውን ውድ መድኀኒት ደግሞ ለወራት ሊያስወስድ ይችላል። በፓሪስ አጠገብ በቪልዥዊፍ በሚገኘው በጉስታቭ ሩሲ ተቋም ናታሊ ላሶና ባልደረቦቿ የመረጡት መንገድ የአረፋውን ብርሃን በየሰከንዱ እየለኩ፣ ሲወጣና ሲወርድ የሚሠራውን መሥመር ማስላት ነው፤ ከመሥመሩ በታች ያለው ስፋት በዕጢው ውስጥ ያለፈውን የደም ብዛት ያመለክታል። በ19 የፈረንሳይ ማዕከሎች 539 ሕመምተኞችን ይዘው በ2014 ባወጡት ጥናት፣ ይህ ቍጥር በአንድ ወር ውስጥ ከ40 በመቶ በላይ የቀነሰላቸው ሰዎች ሕመማቸው ሳይባባስ የቈየበት ጊዜ ረዘም ያለ ሆኖ ተገኘ። ሌሎች ደግሞ የበረታ ድምፅ በአንድ ቅጽበት ልከው በዕጢው ውስጥ ያለውን አረፋ ሁሉ ያፈነዱና፣ አዲሱ አረፋ ተመልሶ የሚሞላበትን ፍጥነት ይለካሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ካላከልሁ አሳሳችኋለሁ። የደም መቀነስ ሁልጊዜ መልካም ወሬ አይደለም። በቦስተን የነበረው ራኬሽ ጄይን በ2001 ባቀረበው አሳብ፣ የደም ሥርን የሚያግዱት መድኀኒቶች በመጠን ሲሰጡ ለተወሰነ ጊዜ የተጠማዘዘውን ሥር ያቃናሉ፣ የሚያንጠባጥበውን ይደፍናሉ፤ በዚያን ጊዜ ደሙ በዕጢው ውስጥ የተስተካከለ ጕዞ ስለሚያገኝ ሌላው የካንሰር መድኀኒትና ኦክስጅን ወደ ውስጥ ይደርሳሉ፣ የጨረር ሕክምናም ይጠነክራል ብሏል። ጨርሶ ደም ያጣ ዕጢ ግን መድኀኒቱም አይደርስበትም። እንግዲህ በመሣሪያው ላይ የወረደውን ቍጥር ሲያይ ሐኪሙ መድኀኒቱ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ከምን ጋር እንደተሰጠ፣ ስንተኛው ቀን እንደሆነ ካልጠየቀ በቀር፣ ያው ቍጥር ለአንዱ የምሥራች፣ ለሌላው ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ አረፋው ሌላ ደጅ ከፍቷል። የድምፅ ሞገድ ከራሱ ርዝመት ያነሰውን ነገር ለይቶ ለማሳየት አይችልም፤ በ5 ሚሊዮን ንዝረት ይህ ርዝመት የሚሊ ሜትር ሲሶ ያህል ነው። ነገር ግን በትንሣኤ ሌሊት ምእመናን ጧፍ ይዘው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ሲሄዱ ከሩቅ ተራራ ላይ ሆኖ የሚመለከት ሰው፣ ሕዝቡ በበዛ ጊዜ አንድ የብርሃን ጭጋግ ብቻ ቢያይም፣ ጧፍ የያዙት ጥቂት ሆነው ተራርቀው ቢሄዱ ግን የእያንዳንዱን ብርሃን መካከል ነጥብ በነጥብ እየጻፈ መንገዳቸውን ሁሉ ለመሣል ይችላል። በፓሪስ የነበሩ ተመራማሪዎች በ2015 አረፋዎቹን አንድ በአንድ በዚህ አኳኋን ተከትለው በአይጥ አንጎል ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን የደም ሥሮች ሣሉ፤ በ2018 ደግሞ በጀርመን አገር የሚሠሩ ተመራማሪዎች ዘዴውን ወደ ጡት ካንሰር ሕመምተኞች አደረሱት። በ2017 የታተመ ሌላ ጥናት እንደሚያሳየውም፣ የቪኢጂኤፍን መቀበያ በራሱ ፈልጎ የሚጣበቅ አረፋ የጡትና የኦቫሪ ዕጢ ላለባቸው ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰጥቷል። እነዚህ ገና የምርምር ቤት ሥራዎች ናቸውና ወደ ሐኪም ቤት ሄዳችሁ አትጠይቋቸው።

ስለ መሣሪያው ድካም ሳልናገር ብወርድ ግን ሚዛን አጕድዬ ይሆናል። ድምፅ አየርንና አጥንትን አያልፍም፤ ስለዚህ በሳንባ ውስጥ ጠልቆ ያለ ዕጢ፣ በጋዝ በተሞላ አንጀት ጀርባ የተሰወረ ጣፊያ ወይም ቆሽት በዚህ መንገድ አይገኝም፤ ወፍራም ሰውም ሲመረመር ጥልቁ ቦታ ይደበዝዛል። ደም በዛ ማለት ካንሰር ነው ማለት አይደለም፤ የቈሰለና የተመረቀዘ ሥጋም ደም ይስባል፤ ስለዚህ አጠራጣሪ በሆነ ጊዜ ከዕጢው ናሙና ተወስዶ በአጉሊ መነጽር መታየቱ አይቀርም። የሚለካውም ቍጥር በመሣሪያው ዓይነት፣ በድምፁ ብርታት፣ በአረፋው መጠን፣ መመርመሪያውን በያዘው እጅና በሕመምተኛው ትንፋሽ ይለዋወጣል፤ በአንዱ መሣሪያ የተለካውን በሌላው ከተለካው ጋር ማነጻጸር አይገባም። በመድኀኒት ላይ ያለ ዘመድ ያላችሁ ሰዎች እንግዲህ፣ የሁለተኛው ምርመራ በተቻለ መጠን በመጀመሪያው መሣሪያ እንዲደረግ ለምኑ፤ በውጤቱ ወረቀት ላይም የዕጢው ስፋት ብቻ ሳይሆን የተሰጠው አረፋ መጠን፣ ዕጢው የበራበትና የደበዘዘበት ሰከንድ እንዲጻፍ ጠይቁ፤ ይህ ካልተጻፈ፣ ከሦስት ወር በኋላ ያንን ወረቀት የሚያነብ ሌላ ሐኪም ምርመራውን ከመጀመሪያ እንደ አዲስ ለመጀመር ይገደዳል።